የውሃ ልክ ቆጠራ

ከደብረ ብርሃን ቁልቁል፣ ጉም ከሚወጣበት፣
ገደሉ ትከሻ ላይ፣ አስፋልት ከሚያልቅበት፣
አንድ ምንቸት ሐይቅ አለ፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ ሰው፤
ካርታ ሠሪው ጣቱን አሳርፎ፣ ነጥቧን ሳያውቅ ደመሰሰው።

ስሟን ውሃ ልክ ይሏታል።
ለምን ቢሉ፣ መልሱ በየበሩ ይለያያል።

ጌጤነህ ግንበኛው፣ ቱንቢውን እያወዛወዘ፦
«ጣልያን መንገድ ሊቀይስ መጥቶ፣ መስታወቱን ይዞ ፈዘዘ፤
አረፋዋ መሐል አልቆም ብላው፣ ሦስት ቀን ተሳደበ፣ ማለ፤
ቀና ሲል ሐይቁን አየና፣ ‹ለካ ልኩ ይኸ ነው› አለ።»

«ምን ጣልያን!» ይላሉ እማማ ሸዋዬ፣ ምስር እየለቀሙ፦
«ሁለት ወንድማማች ነበሩ፣ በርስት ሲካሰሱ የከረሙ፤
ዳኛ ቢፈርድ እንቢ፣ ሽማግሌ ቢቀመጥ እንቢ፣
‹ውሃው እስካለበት ያንተ፣ ከዚያ ወዲያ የኔ› ተባብለው ተማማሉ።
ውሃ መች ይቆማል፣ ልጄ? ክረምት ገባ፣ በጋ ሸሸ፤
አንዱ የዘራውን አንዱ አጨደ፤ የነሱም ዘመን እንዲሁ መሸ።»

ሼህ ኑርዬ ሁለቱንም ሰምተው፣ መቁጠሪያቸውን ገፍተው ዝም፤
ቆይተው፦ «እኛ ከቆላ ጨው ጭነን ስንወጣ፣ ይህ ስም አልነበራትም፤
ግመል የማይወጣው ዳገት፣ አህያ ውሃ የሚጠጣባት፣
‹አረፍ በሉ› ነበር ስሟ፤ ማረፉ ቀርቶ ስም ወጣባት።»

በስተምሥራቅ ገደል ነው፤ ይፋት ከታች በሙቀት ይጨሳል፤
በስተምዕራብ ገብስ ነው፤ ውርጭ አድሮ ቡቃያ ይልሳል።
መሐል ላይ እኛ አለን፣ ጋቢም ሽርጥም የምንለብስ፤
ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የመጣ ሁሉ የማይመለስ።
ውሃውን ማለቴ ነው።
ሰዉማ ይሄዳል።

በሰማንያ ሰባት ቆጣሪ ነበርኩ፣ እርሳስና ቅጽ ተሰጥቶኝ፣
ጠመኔ በኪሴ፣ የሰፈሩ ውሻ በሱሪዬ ጫፍ ጎትቶኝ፣
በየበሩ ቁጥር ጻፍኩ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነው።
ጥያቄው ቀላል ነበር፦ «ትናንት ሌሊት እዚህ ያደረው ማነው?»

ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ቤት፣ አስናቁ ደጅ ደረስኩ፤
«ሦስት ልጅ፣ እኔ፣ ባሌ» አለች። ጻፍኩ።
«ባልሽ የታል?» አልኳት፣ ዕድሜውን ልጠይቅ ብዬ።
በአገጯ ሐይቁን አሳየችኝ። «እዚያ ነው ያደረው፣ ጋሽዬ፤
ከነታንኳው ከሰመጠ ዘንድሮ ስድስት ዓመቱ፣
አልወጣም፣ አልተቀበረም፤ ይኸው ነው እንግዲህ ቤቱ።
ከውሃው እስከ በሬ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤
አላደረም ብልህ፣ ሐሰቱ ከአፌ አይወጣም።»

ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለው ሳጥን የለም።
በእርሳስ ጻፍኩት። ስም፣ ደምለው። ሥራ፣ ደንገል አጫጅ።
ተቆጣጣሪው ላጲስ አነሣ፦ «ሙት ትቆጥራለህ፣ ወዳጅ?»

ስለዚህ በመንግሥት መዝገብ፣ ሺ አራት መቶ አምስት ነን፤
በኔ ስድስት። እኔና ሐይቁ በዚህ አንድ ነን።

በዘጠና ዘጠኝ ሌላ ሰው መጣ፣ በሌላ ቀለም፤
አራተኛው ይመጣል ሲባል ይራዘማል፤ ዛሬም የለም።
እስከዚያ ልጆቻችን ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገቡ፣
ግማሾቹ በጅቡቲ አድርገው ባሕር ሊሻገሩ አሰቡ፤
ሐይቁም አርጅቷል መሰል፤ የሽንኩርት ፓምፕ ቀን ከሌት ከሆዱ እየጠጣ፣
ጌጤነህ ያቆመው የልክ ድንጋይ ደረቅ መሬት ላይ ወጣ።

ሃያ የነበረው እርምጃ መቶ ሆኗል ከበሯ፤
አስናቁ በየጠዋቱ ትቆጥረዋለች በእግሯ።
ውሃው ሸሸ ሲሏት፣
«እየወጣ ነው» ትላለች።

ባለፈው ጳጉሜን ሳልፍ፣ ቤቷን በነጭ አፈር ትለቀልቃለች፤
ከበሩ መቃን አጠገብ ስትደርስ ግን ትቆማለች።
የጻፍኩት ቁጥር እዚያው አለ።
ዙሪያውን ለቀለቀች፣ እሱን ሳትነካ፤
ከመቀነቷ ስባሪ ጠመኔ አወጣች፣
አራቱ ላይ ደገመችበት፣ ቀስ ብላ።
«ሲመጡ» አለችኝ፣
«እንዳያልፉን።»